የጽሑፍ ሥልጠናው የጋራ ዕቅድ፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ (ደሴ)፦
ረቂቁ ተያይዟል። የሰፈር ልጆች ለመንገድ መብራት ያስገቡትን ማመልከቻ ሁላችሁም አይታችኋል። ሁለት ገጽ ሙሉ ምሬት ነው። የጠየቁት ነገር የመጨረሻው መስመር ላይ ተደብቋል። ልጆቹ መጻፍ ይችላሉ፤ ለማን እንደሚጽፉ ግን ማንም አላሳያቸውም። ስለዚህ በአንድ ጉዳይ አራት ዓይነት እናጽፋቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚያወርደው መንገድ ላይ ያለውን የሐረጎን ጭጋግ እንውሰድ። ዜናው ምን፣ የት፣ መቼ የሚለውን መጀመሪያ ይናገራል። ማመልከቻው አናቱ ላይ "ጉዳዩ፦ ለመንገዱ ጠርዝ አንጸባራቂ እንዲደረግ ስለመጠየቅ" ይላል። የአስተያየት ጽሑፉ ይሟገታል፤ "ገንዘብ የለም" ለሚለውም መልስ አለው። ወጉ ሚኒባሱ ውስጥ ይገባል፤ አንዷ "ቢስሚላህ" ስትል አጠገቧ ያሉት እናት ያማትባሉ። አራት ቅዳሜ ይበቃናል። አጽድቁት።

አባል (ደሴ፣ ፒያሳ)፦
የዜናውን ክፍል እኔ አስተምራለሁ። መዝግቡኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
በጀቱ እንዲህ አይሄድም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ያለፈው ዕቅድ ለምን እንደተመለሰ ታውቃላችሁ።

አባል (ኮምቦልቻ)፦
ርዕሱን አንብባችሁታል? "የደሴና የኮምቦልቻ ወጣቶች"። ዛሬም ደሴ ቀደመች። መዋጮው እኩል፣ ስማችን ሁልጊዜ ሁለተኛ። ባነሩም እንዲሁ ሊታተም ነው? እኛ አንፈርምም።

አባል (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦
ደሴ በአፄ ዮሐንስ ዘመን የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህ መጣላት ያሳፍራል።

አባል (ኮምቦልቻ)፦
በፊደል ተራ እንሂዳ! "ከ" ከ"ደ" ይቀድማል። አውሮፕላኑስ የት ነው የሚያርፈው?

አባል (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦
አውሮፕላን ማረፊያ ስላላችሁ ጽሑፍ ታውቃላችሁ ማለት ነው?

አባል (ኮምቦልቻ፣ ሴቶች ክፍል)፦
ንግግርህን አስተካክል። ባለፈው ዓመት የግጥም ምሽቱን ሙሉ ወጪ የቻልነው እኛ ነን። ፎቶው ላይ የማን ስም ነበር? እስካሁን ዝም ያልነው ለሰላም ብለን ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
በጀቱን ያየ አለ?

አባል (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦
ባነሩ ላይ የሁለቱም ስም ይቅርና "ደቡብ ወሎ" ይባል።

አባል (ኮምቦልቻ)፦
ስማችንን ላለመጻፍ ነው እንግዲህ። አይሆንም።

መምህር (ጡረተኛ)፦
ኧረ ልጆች፣ ተዉ! ዘመዳሞች ናችሁ። ይልቅ ረቂቁ ውስጥ የጎደለውን ልንገራችሁ። ወሎ ለሕዝብ መጻፍ ከዜና አልጀመረም። መንዙማው፣ የሙስሊሙ መንፈሳዊ ዜማ፣ በዐረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቃል ተጽፎ ኖሯል። የመንዙማውን ደብር ጀማ ንጉሥን የማያውቅ ወሎዬ የለም። ያ ጽሑፍ ማንበብ ለማይችለው ሰው ጭምር የተጻፈ ነው። ቤቱ ይመታል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፣ አድማጩ በቃሉ ይይዛል። ከዚህ የተሻለ የሬዲዮ ጽሑፍ ትምህርት ከየት ይመጣል? ይህ ካልገባ እኔ የለሁበትም።

ጸሐፊ (ደሴ)፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት። የሬዲዮ አድማጭ ወደ ኋላ ተመልሶ አያነብም። አጭር ዓረፍተ ነገር እና ድግግሞሽ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አስገባሁት፤ እርስዎ ያስተምሩልን።

አባል (ኮምቦልቻ)፦
የሰኞ ገበያው ወንድሜ፣ ስለ አውሮፕላኑ የተናገርኩት በንዴት ነው። የስሙ ነገር ግን አልተፈታም።

አባል (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦
እኔም ተናድጄ ነው፤ አፉ በለኝ። አንድ ሐሳብ አለኝ። መጽሔት እናሳትም። በአንድ በኩል ሽፋኑ ደሴ፣ ገልብጠህ ስትይዘው ኮምቦልቻ። ማንም አይቀድምም።

አባል (ኮምቦልቻ፣ ሴቶች ክፍል)፦
ይህ ያስማማል። ሽፋኑ ባለ ቀለም ይሁን። እኛ በኩል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፎቶ ይግባ።

አባል (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦
በእኛ በኩል አይጠየፍ አዳራሽ።

ገንዘብ ያዥ፦
ባለ ቀለም ሽፋን ከገባ አራት ቅዳሜ አይቻልም። ለአንድ ቅዳሜ ነው የሚተርፈው። ለኅትመቱ ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ።

ጸሐፊ (ደሴ)፦
መጽሔቱን ማን ሊጽፈው ነው? በአንድ ቅዳሜ ልጆቹ ማመልከቻና ወግ አይለዩም። ያው ሁለት ገጽ ምሬት ታትሞ ይወጣል። ቢያንስ ሁለት ቅዳሜ ይተውልኝ፤ የእኔ አበል ይቅር። የዜናው አሠልጣኝስ የት ገባ? ሁለት ጊዜ ጽፌለት አልመለሰም።

አባል (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦
ስልኩም አይሠራም። የሽፋኑን ፎቶ እኔ አነሳለሁ።

መምህር (ጡረተኛ)፦
መንዙማው መጽሔቱ ላይ ስንት ገጽ አለው?

ገንዘብ ያዥ፦
ሁለት ቅዳሜ ካለ ምሳ የለም፤ ሻይ ብቻ። ዓርብ አስገባዋለሁ።

አባል (ኮምቦልቻ)፦
እሺ። አንዱን ፕሮፎርማ እኔ ሰኞ ይዤ እወጣለሁ። ሁለቱ ከደሴ ይምጡ።