ጃክ ራስል ቴሪየር የተባለው ውሻ ከአጥር ሥር እየቆፈረ ይወጣል፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ
ሰላም ለሁላችሁ። የ10 ወር ወንድ ጃክ ራስል አለን። ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ ነው፤ ከሥሩ እየቆፈረ ይወጣል፣ ዶሮዎቹንም ያሳድዳል። ብናስረው ባሰበት። ማታ ማታ ጅብ ስለሚዞር ሰግተናል። ፀጉሩም ምንጣፉን ነጭ በነጭ አድርጎታል።

መልስ፣ ከለገጣፎ
ባለጌ ሆኖ አይደለም። ዝርያው በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ አገር፣ ቄስ ጆን ራስል ቀበሮን ከጉድጓድ ለማስወጣት ካራቧቸው ውሾች የመጣ ነው። ቁመቱ ከ25 እስከ 30 ሳ.ሜ.፣ ደረቱም በሁለት እጅ የሚጨበጥ የሆነው ጉድጓድ እንዲያስገባው ነው። ስለዚህ መቆፈሩን አታስቀሩትም፤ የሚቆፍርበትን ቦታ ግን መቀየር ይቻላል።

60 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው የተበየደ የሽቦ መረብ ግዙ። ግማሹን በአጥሩ ግርጌ ወደ ታች፣ ግማሹን ወደ ግቢው ውስጥ አጥፋችሁ ቅበሩት። ወደ ውጭ ከታጠፈ ዋጋ የለውም፤ ውሻው የሚቆፍረው ከውስጥ ቆሞ ስለሆነ መረቡ ከእግሩ ሥር መገኘት አለበት። የዶሮ ሽቦ ቀጭን ነው፣ በጥርሱ ይበጥሰዋል። የቆርቆሮው ጠርዝ መዳፉን እንዳይቆርጠው ድንጋይ ደርድሩበት። ሥራው ከክረምት በፊት ይለቅ፤ ጥቁር አፈር ከራሰ በኋላ አያሠራም።

ከዚያ ጥግ ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል አሸዋ አፍስሱለትና ኳሱን ቅበሩበት። መጀመሪያ ግማሹ ይታይ፤ ሲለምድ ጠለቅ አድርጉት።

መልስ፣ ከቡራዩ
ከዶሮ ጋር ይለማመዳል ብላችሁ አትመኑት፤ ለዶሮዎቹ ለብቻቸው አጥሩላቸው። ጠዋትና ማታ 30፣ 30 ደቂቃ በማሰሪያ አንሸራሽሩት። ሌሊት ቤት ይደር፤ ለጅቡም ለብርዱም መፍትሔው እሱ ነው። ፀጉሩን በሳምንት 2 ጊዜ በጎማ ብሩሽ አበጥሩት።

መልስ፣ ከሰበታ
የአይጥ መርዝ ግቢ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ አንሱ! ይህ ውሻ አይጥ ካየ አይለቅም፤ መርዝ የበላች አይጥ እሱንም ልትመርዘው ትችላለች። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት ምልክቱ የሚታየው ከ3 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው፦ ድዱ ይገረጣል፣ ይደክማል፣ ይደማል። ወተት መርዙን አያረክሰውም። ምልክት ሳትጠብቁ፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ፤ የዚህኛው መድኃኒት ቫይታሚን ኬ1 ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም አይለፈው። ሽንኩርት ያለበት የወጥ ትራፊ አትስጡት፣ ደሙን ይጎዳል።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልን። በበሩ ሥርስ መረቡ እንዴት ይሆናል?

ከለገጣፎ
እዚያ መኪና ስለሚያልፍ መረብ አይበረክትም። ከበሩ ሥር 30 ሳ.ሜ. ቆፍራችሁ ኮንክሪት ሙሉ፤ በበሩና በኮንክሪቱ መካከል ከ4 ጣት በላይ ክፍተት አይኑር።