የድሬና የሐረር የጋራ ፕሮፖዛል፣ 3ኛ ረቂቅ፦ አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ
(አባላቱ የተጠሩት በሰፈራቸው ስም ነው፤ ፈረስ መጋላና ሸንኮር ከሐረር፣ ሌሎቹ ሰፈሮች ከድሬ።)

ሰብሳቢ (ሰኞ፣ ምሽት 1፡20)
3ኛው ረቂቅ ይኸው። ዓርብ ጠዋት ተፈርሞ ካልገባ ገንዘቡ ለሌላ ይሄዳል። ሐሳቡ ያው ነው፦ ባለቤቱ ከአገር ሲወጣ ወይም ቤት ሲቀይር የሚጣሉትን የፈረንጅ ዘር ውሾች፣ በብዛት ጀርመን ሼፐርድ፣ ተቀብሎ 14 ቀን ለብቻ ማቆየት፣ ማከም፣ ማምከን፣ ለአዲስ ቤት መስጠት። ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር በተገኘው ግቢ 4 ክፍል ይሠራል፣ እያንዳንዱ 2 በ3 ሜትር። ገጽ 4 የማደጎ ውሉ ነው። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው ቦታ በ1998ቱ ጎርፍ ምክንያት ወጥቷል፤ እንዳታነሱት።

ሂሳብ ያዥ (1፡45)
ገጽ 2 ላይ መድኃኒት "እንደ አስፈላጊነቱ" ይላል። በዚህ ገንዘብ አይጠየቅም። የመዥገር በሽታ የያዘው 30 ኪሎ ውሻ ዶክሲሳይክሊን በቀን 300 ሚሊግራም ለ28 ቀን ይወስዳል፣ ባለ 100ው 84 ፍሬ ማለት ነው። ለ10 ውሻ 840። የታለ ይህ ቁጥር?

ሐኪሙ (2፡05)
84ቱ ልክ ነው። በባዶ ሆድ ጉሮሮ ስለሚያቆስል ከምግብ ጋር ይሰጥ። በ5ኛው ቀን "ዳነ" ብሎ የሚያቋርጥ ስለማይጠፋ ለተቀባዩ በሙሉ ተቆጥሮ ይሰጠው። ይህ በሽታ ጀርመን ሼፐርድን ከሌላው ዘር ይልቅ ይጥለዋል፤ ነስር ካለው፣ ድዱ ከነጣ፣ ነገ አይባልም።

ግድግዳው ይለሰን። ቡናማዋ የውሻ መዥገር ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው፤ የካብ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ እስከ 4,000 ዕንቁላል ትጥላለች። ሳትለስኑ ከገባችሁበት ውሻውን አጥባችሁ ወደ መዥገሩ ትመልሱታላችሁ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሜትር 2 ሳንቲም ተዳፋት፣ ውሃው ከክፍል ወደ ክፍል ሳይሆን ወደ ውጭ ቦይ ይውጣ።

የከብቱን አይቨርሜክቲን ለእከክ በግምት መውጋትም ይቁም። ከሼፐርዶች አንዳንዶቹ መድኃኒቱ አንጎል እንዳይደርስ የሚያግደው ዘረ-መል ተበላሽቶባቸው ነው የሚወለዱት። ከልክ ካለፈ ይንገዳገዳል፣ ለሐጩ ይዝረበረባል፣ ዐይኑ ይጠፋል፣ ይሞታል። በመልክ አይለይም።

ፈረስ መጋላ (2፡20)
"የጋራ" ብላችሁ 4ቱንም ክፍል ድሬ አደረጋችሁት። ሰኔ ላይ 35 ዲግሪ በሚደርስ ቦታ፣ ከቆርቆሮ ሥር፣ ድርብ ፀጉር ያለው ውሻ ሊቆይ ነው? ያውም በሽተኛ። ሐረር በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሁለቱ ክፍል እዚህ ይሁን።

ከዚራ (2፡31)
ጅቡስ? በግንቡ ቀዳዳ ጀጎል ገብቶ ሌሊቱን ይመላለሳል፤ ታስሮ የሚያድር ውሻ ራቱ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል ተረት መስሏችሁ ነው እንዴ።

ፈረስ መጋላ (2፡38)
ጀጎል ውስጥ ማን አለ? ከግንቡ ውጭ፣ 2 ሜትር ተኩል አጥር፣ የብረት በር፣ ከበሩ ሥር ጣት የማያስገባ። ተጽፎ ተልኳል፣ አላነበባችሁትም።

ገንደ ቆሬ (2፡50)
ይሄን ሁሉ ተዉት። ገጽ 4፣ "የማደጎ ውል"። ማደጎ ለልጅ ነው። ለውሻ ማደጎ የሚል ወረቀት ላይ ስሜ አይገባም።

ሰብሳቢ (2፡52)
ቃል ነው፣ ይቀየራል። ወደ ክፍሎቹ እንመለስ።

ከዚራ (2፡58)
ለምን ይቀየራል? ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ነው። "ውሻ ለማደጎ" ተብሎ ነው የሚለጠፈው።

ገንደ ቆሬ (3፡04)
ማን ነው ሰው ሁሉ? ከውጭ የተቀዳ ነው አቦ።

ለገሃሬ (3፡10)
"ጉዲፈቻ" በሉት፣ ሕጉም እንደዚያ ነው የሚለው።

ሸንኮር (3፡12)
ወላሂ ይሄን ቀበሌ ፊት ይዘህ ቅረብ! ጉዲፈቻ የኦሮሞ ትልቅ ወግ ነው፣ ሕጉ ቃሉን የወሰደውም ከዚያ ነው። ለውሻ ብለህ ጻፈውና የመጀመሪያው ፈራሚ በዚያው ይወጣል።

መጋላ (3፡25)
ነገሩ ቃል ብቻ መስሏችኋል። ውሉ ቁጥር 6 ላይ "ውሻው እንደ ቤተሰብ አባል በቤት ውስጥ እንዲኖር" ይላል። እኛ ሰፈር ውሻ ለጥበቃ ይያዛል፣ ግቢ ያድራል፣ ቤት አይገባም፤ ምራቁ የነካው ዕቃ ይታጠባል። ይህን የሚፈርም ከ10 ቤት አንድ አታገኙም፣ ጥሩ አድርገው የሚይዙት ግን እነዚሁ ናቸው። "ጥላ ያለው ማደሪያ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ፣ ሰንሰለት ከ3 ሜትር ያላነሰ" ቢል ሁሉም ይፈርማል።

ከዚራ (3፡31)
ሰንሰለት ጭራሽ አይገባም! ለሰንሰለት ነው እንዴ የምናድናቸው?

መጋላ (3፡33)
እንግዲያስ ውሻዎቹን አንተ ቤት ደርድራቸው።

ሂሳብ ያዥ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡15)
ሌሊቱን 40 መልእክት ስለ አንዲት ቃል። ስለ 840 ፍሬ የመለሰ የለም።

ሐኪሙ (ማክሰኞ፣ 2፡40)
የጽዳቱን ቅደም ተከተል ልጨምር፦ ሰገራ ይነሳል፣ ወለሉ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ 1 በረኪና በ30 ውሃ ተበጥብጦ 10 ደቂቃ እርጥብ እንዳለ ይቆያል። በረኪናን ሰገራ ላይ መድፋት ገንዘብ መድፋት ነው፣ አቅሙን እዚያው ይጨርሳል። የተበጠበጠው አያድርም። ፓርቮ፣ ቡችላ የሚገድለው ቫይረስ፣ ወለል ላይ ወራት ስለሚቆይ፣ በአንድ ክፍል ቡችላ ከሞተ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ አይግባ።

ገንደ ቆሬ (ማክሰኞ፣ 3፡00)
"ርክክብ" ይባል።

ለገሃሬ (3፡06)
ርክክብ የዕቃ ነው። የቢሮ ወንበር ነው የምትረከበው።

ከዚራ (3፡09)
ልክ ነው፣ "ርክክብ" ያልነው ቀን ውሻው ይሸጣል። አሁንም የዘር ወረቀት ያለው ጀርመን ሼፐርድ በነፃ ወስደው ለማራባት ነው የሚፈልጉት። እርግዝናው 63 ቀን ነው፣ እኛ "እንዴት ነው ለመደ?" ብለን ስንደውል ቡችላዎቹ ማስታወቂያ ላይ ናቸው። ሳይመክን አይውጣ። ቡችላ ከሆነ ደግሞ ትልልቅ ዘሮች ዓመት ሳይሞላቸው ባይነኩ ስለሚሻል፣ ባለቤትነቱ እስኪመክን በማኅበሩ ስም ይቆይ።

ሸንኮር (3፡20)
ይህ ጥሩ ነው፣ ይግባ። "አሳዳጊ" እና "የአሳዳጊ ውል" ቢባልስ?

ገንደ ቆሬ (3፡22)
አሳዳጊም የልጅ ነው።

ሸንኮር (3፡23)
በግም ያሳድጋሉ እኮ!

ገንደ ቆሬ (3፡24)
በግ ይረባል።

ሰብሳቢ (ማክሰኞ፣ 9፡30)
ድምፅ እንስጥ፦ ማደጎ፣ ርክክብ፣ አሳዳጊ። እስከ 11 ሰዓት።

ሰብሳቢ (11፡45)
3 ሰው። በበርጫ ሰዓት መጠየቄ የኔ ጥፋት ነው።

ፈረስ መጋላ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡10)
ቃሉን እናንተ ጨርሱ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትሩን የሚያመላልሰው ፒካፕ የታለ? የደንገጎን ዳገት ሲወጡ ስለሚያስመልሳቸው ከጉዞው በፊት ባሉት 6 ሰዓታት ምግብ አይሰጥም፣ ጉዞው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፣ ብለን ሁሉን ጻፍን። መኪናውን "በእኔ ጣሉት" ያለው ልጅ ግን ከቅዳሜ ወዲህ አንድም መልስ የለውም።

ሂሳብ ያዥ (ረቡዕ፣ 3፡40)
ስልኩ ዝግ ነው። የባሰው ደግሞ የሳቢያኑ ግቢ አከራይ ረቂቁን አይቶ "4 የበሽተኛ ውሻ ክፍል" የሚለውን ሲያነብ ሐሳቡን ቀይሯል። የግንባታው ገጽ እንዳለ ወደቀ።

ለገሃሬ (3፡48)
"የበሽተኛ" ማን አባቱ ጻፈው?

ሰብሳቢ (3፡50)
እኔ። በረቂቅ 2 ላይ አልተቃወማችሁም።

ሐኪሙ (ረቡዕ፣ ምሽት 1፡00)
ከቀረው ገንዘብ የሚረባው ማቀዝቀዣ ነው። የእብድ ውሻ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በሩ ላይ አይቀመጥ፣ የበረዶውን ግድግዳ አይንካ፣ በረዶ የሠራ ክትባት ይጣላል። ታችኛው መደርደሪያ ላይ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ደርድሩ፣ መብራት ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ይይዛል። ቴርሞሜትር በቀን ሁለቴ ይነበብ። ውሻ 3 ወር ሲሞላው ይከተባል፣ በዓመቱ ይደገማል። በቅጹም ላይ ይግባ፦ ከነከሰ ቁስሉ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ የተነከሰው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ የተከተበ ጤነኛ ውሻ ከሆነ አይገደልም፣ ታስሮ 10 ቀን ይታያል።

ከዚራ (1፡15)
ማቀዝቀዣ ከገዛን የፈረንጅ ውሻ ብቻ ለምን? ሰፈሩን ሁሉ እንክተብ።

መጋላ (1፡18)
እስማማለሁ። ገንደ ቆሬ፣ ቀፊራ፣ ለገሃሬ፣ በቅዳሜ ቅዳሜ።

ፈረስ መጋላ (1፡30)
ሐረርስ? ያልነው ማኖሪያ እኮ ነው። ይሄ ሌላ ፕሮፖዛል ነው።

ሂሳብ ያዥ (1፡34)
በዓርብ የሚደርሰው ይሄ ነው። ማኖሪያው "ቀጣይ ምዕራፍ" ተብሎ ገጽ 5 ይግባ። ለሐረር ሁለት የበረዶ ሣጥን ይያዝላችሁ።

ፈረስ መጋላ (1፡41)
ሦስት።

ሰብሳቢ (ሐሙስ፣ ምሽት 12፡50)
4ኛው ረቂቅ፦ አንድ ማቀዝቀዣ፣ ቴርሞሜትር፣ ሦስት የበረዶ ሣጥን፣ 840 ፍሬ ዶክሲሳይክሊን፣ የክትባት ቅዳሜዎች። ርዕሱ አልተለወጠም፤ የፈረንጅ ዘር ውሾችን ለአዲስ ቤት ስለማብቃት ይላል፣ ሰነዱ ስለተመዘገበ መቀየር አልተቻለም። ውሉ "የርክክብና የእንክብካቤ ቅጽ" ሆኗል። የማቀዝቀዣው ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

ለገሃሬ (1፡05)
ከዚራ ይያዘው።

ከዚራ (1፡07)
እኔ ነገ አዲስ አበባ ነኝ።

ሐኪሙ (1፡20)
ሁለቱ ሼፐርዶች ሰኞ 14 ቀናቸውን ይጨርሳሉ። ወንዱ 34 ኪሎ፣ ሴቷ 27፤ ሁለቱም መክነዋል። ክፍሉ ለሌላ ይፈለጋል። ማን ይወስዳቸዋል?

ገንደ ቆሬ (1፡52)
ገጽ 4፣ ሦስተኛው መስመር ላይ "አሳዳጊው" የሚል ቀርቷል።