ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችን በስፕሬይ ቀለም ማደስ፦ በባሕር ዳር የቱን ራሳችን እንሥራ፣ የቱን ለባለሙያ እንስጥ?

ባለፈው ወር ሦስት ጎረቤቶቼ በተለያየ ቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። ከቆራሌው ወይም ቤት ከሚለቅ ሰው በርካሽ የገዙትን የብረት ወንበር፣ ኮመዲኖ ወይም የመስታወት ፍሬም በስፕሬይ ቀለም አድሰው ለሳሎናቸው ጌጥ ማድረግ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ቀለሙን ገዝተው ራሳቸው ይርጩት ወይስ ለባለሙያ ይስጡት፣ ለባለሙያ ከሰጡስ ለየትኛው የሚለውን መወሰን አቅቷቸዋል። ሽምብጥ በተከራየሁት ቤት ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች አብዛኞቹን ባለፉት አራት ዓመታት ያገኘኋቸው በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ የሞከርኳቸውን አማራጮች እያነጻጸርኩ አሰፍራለሁ። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ቀጫጭንና ጥምዝምዝ የብረት ዕቃ ከሆነ የጣሳ ስፕሬይ ገዝታችሁ ራሳችሁ ሥሩት፤ ሰፊና ጠፍጣፋ ገጽ ያለው የእንጨት ዕቃ ከሆነ ኮምፕሬሰር ላለው የእንጨት ሥራ ቤት ስጡት፤ ዋንዛ ከሆነ ደግሞ ቀለም አታስነኩት።

ዕቃውን ስለማግኘት ብዙ አልልም። ቆራሌው ብረትን የሚሸጠው በኪሎ ስለሆነ ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም ዕቃው ማከማቻ ከገባ በኋላ ለጭነት እንዲመች ይታጠፋል፣ ይቆረጣል። ስለዚህ በሰፈራችሁ ከሚያልፈው ቆራሌ ጋር ቀድማችሁ ተዋወቁና «የብረት ወንበር ካጋጠመህ ሳትሰብር ወደ እኔ አምጣው» ብላችሁ ንገሩት። ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወሩ መምህራንና ሠራተኞች የሚሸጡት ዕቃ ዋጋው ከፍ ቢልም ይዞታው የተሻለ ነው። የመሥሪያ ቤቶች የሚወገዱ ንብረቶች ጨረታ ላይ ግን ዕቃው ብዙ ጊዜ በጥቅል ስለሚቀርብ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ካልገባችሁበት በቀር ለአንድ ቤት አይመችም።

ከመግዛታችሁ በፊት ዕቃውን ገልብጣችሁ ተመልከቱ። ብረት ሲሆን ዝገቱ ከላይ ብቻ ከሆነ ችግር የለውም፤ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ወይም ብየዳው አጠገብ የተበሳ ከሆነ ግን ቀለም አያድነውም። እንጨት ሲሆን እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ትንንሽ ጉድጓዶችን ፈልጉ፤ መታ ሲያደርጉት ከቀዳዳው እንደ ዱቄት የላመ ነገር የሚረግፍ ከሆነ ነቀዙ ገና ሥራ ላይ ነው፤ ወደ ቤታችሁም አታስገቡት። ውኃ ጠጥቶ ጠርዙ ያበጠ ችፑድም በምንም ዓይነት ስቱኮ ወደ ቦታው አይመለስም።

አሁን ወደ ቀለሙ ልግባ። በሕንፃ መሣሪያ መደብሮችና የመኪና ጌጣጌጥ በሚሸጡ ሱቆች የሚገኘው የጣሳ ስፕሬይ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚገባና 400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ነው። ከዚህ ጣሳ አንዱ በአንድ እጅ በደንብ የሚሸፍነው በግምት ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ካሬ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ውሳኔው ሁሉ የሚመጣው ከእርሱ ነው። አንድ የብረት ወንበር ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ስላለው ለሦስት ስስ እጅ አንድ ጣሳ ይበቃዋል። ባለ ሁለት በር ቁም ሣጥን ግን ፊቱና ጎኖቹ ብቻ ወደ አራት ካሬ ሜትር ይጠጋሉ፤ ሦስት እጅ ሲረጭ አሥራ ሁለት ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከስድስት እስከ ስምንት ጣሳ ማለት ነው። በዚያ ላይ ገጹ ላይ የመርጫው ጉዞ መስመር በመስመር ተሥሎ ይቀራል። የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች፣ ለምሳሌ ካዲስኮና ነፋስ ስልክ የሚያመርቱት የዘይት ቀለም በብሩሽ ሲቀባ አንዱ ሊትር ብዙ እጥፍ ስለሚሸፍን፣ ለሰፊ ገጽና ውጭ ለሚቀመጥ ዕቃ ዋጋውም ጥንካሬውም ከጣሳው ይበልጣል። ጣሳው የሚያሸንፈው ብሩሽ በማይገባበት ቦታ ነው፦ የተጠማዘዘ የብረት መደገፊያ፣ የተፈለፈለ ፍሬም፣ የአባዡር ሽቦ።

ስትገዙ በክዳኑ ቀለም ብቻ አትተማመኑ፤ ባለሱቁን ፈቃድ ጠይቃችሁ ካርቶን ላይ አንድ ጊዜ እርጩና በቀን ብርሃን እዩት። ጣሳው ሲነቀነቅ በውስጡ ያለችው ኳስ እንደ ልብ መንኳኳት አለባት፤ ድምፅ ከሌለው ቀለሙ ረግቷል። ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ደብዛዛውን እመርጣለሁ፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም እያንዳንዱን ጭረት ያጎላዋል። ወርቃማው ለመስታወትና ለሥዕል ፍሬም እጅግ ያምራል፤ እጅ ለሚነካው የመሳቢያ እጀታ ግን አይሁን፤ በጥቂት ወራት ይላጣል። ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ብርማው ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካ ውስጥ ኤድዋርድ ሲሞር የሚባል የቀለም ነጋዴ በባለቤቱ በቦኒ ሐሳብ የመጀመሪያውን የጣሳ ስፕሬይ ሲሠራ የሞላበትም ይኸው የአሉሚኒየም ቀለም ነበር፤ ደቃቅ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ተደራርበው ስለሚተኙ ከሥር ያለውን በቀላሉ ይሸፍናሉ።

ቢጫ ግን ሌላ ነገር ነው። በረንዳዬ ላይ ያለውን የብረት ወንበር የአደይ አበባ ቢጫ ላደርገው ስነሣ፣ ከሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ሰማያዊ አሮጌ ቀለም ነበረው። በሽቦ ብሩሽና በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን አነሣሁ፣ በ220 አለሰለስኩት፣ በሳሙና አጥቤ ካደረቅሁ በኋላ በቲነር በራሰ ጨርቅ ወለወልኩት፤ ከዚያ ወዲህ በባዶ እጄ አልነካሁትም፣ የጣት ቅባት ቀለሙን ያስነሣዋልና። ግራጫ አንቲሩስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀባሁት፤ በማግሥቱ ቢጫውን ረጨሁ። ሦስት እጅ ከረጨሁ በኋላም ወንበሩ የደረቀ ሣር ይመስል ነበር። ቢጫ ቀለም የመሸፈን አቅሙ ደካማ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ግራጫ ያሳልፍበታል። በመጨረሻ ሁለት ቀን አቆይቼ፣ በ400 ቁጥር አሸት አድርጌ፣ ነጭ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚረጭ መሠረት) ረጨሁበትና እንደገና ቢጫውን ደገምኩ፤ ያን ጊዜ በሁለት እጅ ብቻ ደምቆ ወጣ። ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ የምትፈልጉ ሁሉ ነጩን መሠረት ከመጀመሪያው ግዙ።

አሮጌ ቀለም ስትፈገፍጉ በደረቁ አትፈግፍጉ። የቀድሞ ቀለሞች እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል፤ በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 ክፍል) የሚገድበው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ የምትገዙት አሮጌ ዕቃ ከዚያ በፊት ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። ውኃ የማይፈታ ብርጭቆ ወረቀት አርሳችሁ ተጠቀሙ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ፣ የወረደውንም ዝቃጭ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አትድፉት።

አረጫጩን በተመለከተ፦ ጣሳውን ኳሷ መንኳኳት ከጀመረች በኋላ አንድ ሁለት ደቂቃ ነቅንቁት፤ ከዕቃው ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ያዙት፤ መርጨቱን ከዕቃው ውጭ ጀምራችሁ ከዕቃው ውጭ ጨርሱ። ወንበርን መጀመሪያ እግሩን ወደ ላይ ገልብጣችሁ የታች ገጹን፣ ከዚያ አቁማችሁ ፊቱን እርጩ። በእጆቹ መካከል አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ታገሡ፤ አንድ ወፍራም እጅ ሁልጊዜ ይወርዳል። በጣሳው ላይ የተጻፈውን የድጋሚ መርጫ ጊዜ አክብሩ፤ ብዙዎቹ ቀለሞች በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ካልተደገሙ እስከሚቀጥለው ቀን ወይም ከዚያ በላይ መቆየት ይፈልጋሉ፤ መሃል ላይ ከረጫችሁ ይሸበሸባል። ስትጨርሱ ጣሳውን ገልብጣችሁ አየር ብቻ እስኪወጣ ድረስ ጥቂት እርጩ፤ አፉ አይደፈንም። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደጅ ላይ፣ የቡና ከሰል ካልተቀጣጠለበት ቦታ ነው፤ ጋዙ ተቀጣጣይ ነው።

በእኛ ከተማ ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ጤዛው ተንኖ ነፋሱ ገና ያልተነሣበት ጊዜ ስለሆነ እመርጠዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ፣ ጀልባ ነጂዎች ወደ ዘጌ ጠዋት መሄድን የሚመርጡበት ያው ነፋስ፣ ቀለሙን ይበትነዋል፤ በበጋም አቧራ ያለብሰዋል። አመሻሽ ላይ ደግሞ መብራት ፈልገው የሚመጡት የሐይቁ ነፍሳት እርጥብ ቀለም ላይ ይጣበቃሉ፤ አንድ ነጭ ፍሬሜ ላይ እስካሁን የአንዲቱ ክንፍ አለ።

ለባለሙያ መስጠትን በተመለከተ ሦስት ዓይነት ቤቶችን አይቻለሁ። የመጀመሪያው ኮምፕሬሰር ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ነው። አባይ ማዶ ለሚገኝ አንድ ቤት የሰጠሁት የችፑድ መደርደሪያ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ሁለት ጊዜ ተፈግፍጎ፣ እኔ በምንም ጣሳ ላደርሰው የማልችለው ልስላሴ አግኝቶ ተመልሷል፤ ከቀጠሮው ዘግይቷል፣ ግን ጥበቃው ያስቆጨኝ አልነበረም። ሁለተኛው የመኪና ጋራዥ ነው። የባትላሜራ ቀለም ቀቢዎች እጃቸው የሠለጠነ ነው፤ ለብረት ሣጥንና ለብረት አልጋ ከእነርሱ የተሻለ አላየሁም። እንጨት ላይ ግን አንድ ጋራዥ ኮመዲኖዬን አበላሽቶብኛል፦ በአሮጌው የዘይት ቀለም ላይ የመኪናውን ፈጣን ቀለም በቀጥታ ረጩበት፣ ጠንካራው ቲነር ከሥር ያለውን ቀለም አነሣው፣ ገጹም በዓይናችን ፊት እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበ። ሙሉ በሙሉ ከመላጥ በቀር መፍትሔ አልነበረውም። ስለዚህ ዕቃውን ስታስረክቡ ከሥሩ ምን ቀለም እንዳለው ንገሩ፤ ካላወቃችሁ በማይታይ ቦታ ላይ ቲነር የነካ ጨርቅ አሹበትና አሮጌው ቀለም ከተነሣ ወይም ካበጠ አስቀድመው እንዲልጡት ተስማሙ።

ሦስተኛው ብየዳ ቤት ነው፤ አብዝቼ የምጠቁመውም እርሱን ነው። ብየዳ ቤቶችን «የተሰበረውን እግር በይዱ፣ ዝገቱን በመፍጫ ማሽን አንሡ፣ አንቲሩስት ቀቡ» ብሎ ማዘዝና የመጨረሻውን ቀለም ቤት ወስዶ ራስ መርጨት፣ ድካሙንም ወጪውንም ለሁለት ይከፍላል። ከባዱንና አቧራ ያለበትን ሥራ ማሽን ይሠራዋል፤ ዓይን የሚፈልገው ለእናንተ ይቀራል። ከየትኛውም ቤት ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ በቀን ሳይሆን በዕቃ ተስማሙ፤ ስንት እጅ እንደሚቀቡ፣ ማጠፊያና እጀታውን ፈትተው እንደሚሠሩ ወይም ሸፍነው፣ ቀለሙን ማን እንደሚገዛ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመሳቢያው ጀርባ ላይ ናሙና ረጭቶ ለማሳየት ፈቃደኛ የሆነ ባለሙያ ሲገኝ አትልቀቁት።

የዋንዛን ነገር ከልቤ ነው የምናገረው። ከአሮጌ ቡፌ ላይ ቀለም ስልጥ ያን ወርቅማ ቡናማ የእንጨት መስመር ብቅ ሲል ያየሁ ቀን፣ ማን እንዲህ እንደሸፈነው ማሰብ አቃተኝ። ዋንዛ በቀለም ከሚሸፈን በ220 ተለስልሶ በአልኮል የሟሟ ጎማላካ (የእንጨት ማብሪያ ሙጫ) በጨርቅ ደጋግሞ ቢታሽ ወይም ስስ ቫርኒሽ ቢቀባ ለዓመታት ያበራል። የጎማላካው ድክመት ትኩስ ሲኒ ሲቀመጥበት ነጭ ክብ መተዉ ነው፤ ለጠረጴዛ ፊት ቫርኒሹ ይሻላል።

ምግብና እሳት የሚነካውን ማንኛውንም ዕቃ አትርጩ፤ ጀበና፣ ከሰል ማንደጃ፣ የመሶብ ውስጥ፣ ሲኒ ከዚህ ውጭ ናቸው። ቆዳ የለበሰ አገልግልና የደንገል ሥራም ቀለም ሲረጭባቸው ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ። ስለ ረከቦት ለጠየቀችኝ እህት፦ እግሩንና ጎኑን ርጪው፤ ሲኒ የሚቀመጥበትን ፊት ግን በቫርኒሽ ብቻ ተዪው። የተሰነጠቀ እንስራ ለደረቅ አበባ ማስቀመጫ ይሆናል፤ ሸክላ ቀለም ስለሚጠጣ አስቀድሞ ፕራይመር ያስፈልገዋል። ፕላስቲክ ደግሞ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ፕራይመር ካላገኘ በጥፍር ይላጣል።

አሁን ክረምቱ እየገባ ስለሆነ፣ እስከ መስከረም ድረስ መርጨቱን ብታቆዩት ይሻላል። እርጥበት ባለበት አየር የተረጨ ቀለም ፊቱ ይነጣል፣ መድረቁም ይዘገያል። ጣና ጨው ስለሌለው ዝገቱ እንደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች አይከፋም፤ የክረምቱ ዝናብ ግን በራሱ ይበቃል። የገዛችሁትን ብረት አሁን ፈግፍጋችሁ አንቲሩስቱን በአንድ ፀሐያማ ጠዋት ቀቡትና ከጣሪያ ሥር አስቀምጡት፤ ቀለሙን ከመስቀል በኋላ ትረጩታላችሁ። ከረጫችሁም በኋላ ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም አንድ ሳምንት ሳይሞላው አትቀመጡበት፣ የአበባ ማስቀመጫም አትደርድሩበት።