ሀ ሁን ይወጣዋል፣ ቃል ማንበብ ግን አልቻለም

የአራት ኪሎዋ እናት፦ ሰላም ቤተሰቦች። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው። ሀ ሁን ከላይ እስከ ታች ይወጣዋል። «በሬ» ብዬ ስጽፍለት ግን ዝም ይላል። አስተማሪው «ይለምደዋል» ይሉኛል፤ እኔ ግን ጨንቆኛል። ፒያሳ ሱቅ ስለምሠራ የማገኘው ማታ ብቻ ነው። አስጠኚ ልቅጠር ወይስ ራሴ ልሞክር?

አስተማሪዋ፦ እህቴ፣ ዝም ብሎ መጠበቅ አያዋጣም። ችግሩ የልጅሽ ብቻ እንዳይመስልሽ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ማታ የፊደል ገበታውን ወደ ጎን አስቀምጪና «ሬ»ን ብቻ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳዪው። ከ«ረ ሩ» ጀምሮ ቆጥሮ ከደረሰባት፣ የያዘው ዜማውን ነው፤ ፊደሏን ገና አልለያትም። ስለዚህ በጥቂቱ ጀምሪ። በ፣ ላ፣ ሬ፣ ም ብቻ። ከእነዚህ በላ፣ በሬ፣ ላም ይወጣሉ። 231ዱን ፊደል እስኪጨርስ ቃል መከልከል የለበትም።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ቆጠራውን አታጣጥሉት። የቄስ ትምህርት ቤት ሀ ሁ ብቻውን አልነበረም። ቀጥሎ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። የፊደሉ ተራ ይለወጣል፣ ድምፁም በየፊደሉ ይቀያየራል። በቃሉ የሸመደደ ልጅ እዚያ ጋ ይታወቅበታል። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ ይነበባል። ዛሬ ብዙ ቦታ ሀ ሁን ይዘው አቡጊዳን ጣሉት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

አስተማሪዋ፦ አባባ፣ እውነትዎን ነው። ፊደል ማደባለቁን እኛም ክፍል ውስጥ ብናዘወትረው ብዙ ልጅ ይድናል።

የሦስት ልጆች እናት፦ እኔ የምጨምረው፣ ፊደል መለየት ብቻውን አይበቃም። «አለ» የሚለውን ልጁ አጥብቆ ያንብበው ወይስ አላልቶ? ጽሑፉ አያሳይም፤ የሚያውቀው ከታሪኩ ነው። ስለዚህ ጣትሽን ከቃሉ ሥር እያስኬድሽ ተረት አንብቢለት። መጽሐፍ ከተወደደብሽ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ ነው፤ ቅዳሜ ይዘሽው ሂጂ።

የአራት ኪሎዋ እናት፦ እግዜር ይስጥልኝ። ሲሳሳትስ ወዲያው ላርመው?

አስተማሪዋ፦ ትንሽ ታገሺው፣ አንዳንዴ ራሱ ያስተካክለዋል። ካቃተው ድምፁን ንገሪውና ቃሉን እንደገና ያንብበው። ዓይኑንም አስመርምሪለት። አስጠኚ ከቀጠርሽ ደግሞ የቤት ሥራ የሚሠራለት ሳይሆን፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሲያነብ የሚያዳምጠው ይሁን።