የሜክሲኮዎች የሙታን ቀን ላይ የእናትሽን ፎቶ አምጪ ተባልኩ፣ ምን ላድርግ?

ኢስትኤልኤ_እናት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ የኤልኤ (ሎስ አንጀለስ) ልጆችም ሌሎቻችሁም። የጨነቀኝ ነገር ስላለ ነው። የምንኖረው ኢስት ኤልኤ ነው፣ ጎረቤቶቻችን ሁሉም ማለት ይቻላል ሜክሲኮዎች ናቸው፣ በር ለበር የሆንናት ሴትዮ ደሞ በጣም ነው የምወዳት፣ ስወልድ ሾርባ እየሠራች ያረሰችኝ እሷ ናት። አሁን ኖቬምበር 2 ሰፈራችን ፓርክ ውስጥ ዲያ ዴ ሎስ ሙዌርቶስ ይከበራል፣ የሰፈሩ ሰው በጋራ አንድ ትልቅ አልታር ይሠራል፣ አንቺም የእናትሽን ፎቶ አምጪ አለችኝ። እናቴ ያረፈችው የዛሬ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ነው፣ ወረቀቴ ስላላለቀ ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፣ እዚሁ ነው ለቅሶ የተቀመጥኩት። ለዛ ነው መሰለኝ ገና ስትጠይቀኝ እንባዬ የመጣው። ግን የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፣ አልታር፣ የራስ ቅል፣ ለሞተ ሰው ምግብ ማቅረብ ሲባል ልቤ እሺ አላለኝም። ሃሎዊን ነው እንዴ? እምቢ ካልኳት ደሞ ታዝንብኛለች። የምታውቁ ካላችሁ ምን እንደሚደረግ ምን ይዤ እንደምሄድ ንገሩኝ፣ ልጆቹንስ ልውሰዳቸው?

ቦይልሃይትስ_15ዓመት፦
እህቴ መጀመሪያ ነፍስ ይማር፣ እግዜር ያጽናሽ። ሃሎዊን አይደለም፣ ቀኑ ስለተጠጋጋ ነው ሰው የሚያምታታው። ኖቬምበር 1 የሕፃናት ነው 2 የትልልቆቹ፣ በኛ ጥቅምት 22 እና 23 መሆኑ ነው። የካቶሊኮች የሙታን መታሰቢያ ስፔኖች ሳይመጡ ከነበረው ካገሬው ልማድ ጋር ተጋምዶ የቆየ ነው፣ ዩኔስኮም በ2008 መዝግቦታል። ሀሳቡ ሙታኖቹ በዓመት አንዴ እንግዳ ሆነው ይመጣሉ ነው። ስለዚ አልታሩ (ቤት ውስጥ ኦፍሬንዳ ነው የሚሉት) እንደ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ አድርገሽ ብታስቢው ይቀልሻል፣ ከመንገድ ስለሚመጡ ይጠማቸዋል ተብሎ ውሃ በብርጭቆ ይቀመጣል፣ ጨው፣ ሻማ፣ በቁማቸው ይወዱት የነበረ ምግብ፣ ከፍም ላይ ደሞ ኮፓል የሚሉትን ሙጫ ያጨሳሉ፣ መጀመሪያ ቀን ሲሸተኝ ቤተክርስቲያን የገባሁ ነው የመሰለኝ።

እኔ ያለሁበት ግቢ አንዲት እናት አለች፣ ልጇ በአራት ዓመቱ ነው የሞተባት። በየዓመቱ ኦክቶበር 31 ማታ ሴምፓሱቺል የሚሉትን ብርቱካናማ አበባ ቅጠል ቅጠሉን ትነጫጭና ልክ ቄጤማ እንደምንጎዘጉዘው ከግቢው በር እስከ ሳሎኗ ትነሰንሰዋለች፣ ሽታውንና ቀለሙን ተከትሎ ቤቱን ያገኛል ብላ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ስኒ ትኩስ ቸኮሌት ታስቀምጣለች፣ አጠገቡ አንድ ጎማዋ የወለቀ ቀይ መኪና። አንድ ዓመት አብሬያት ስነጭ አመሸሁ፣ መረር ያለው ሽታ እስከ ማግስቱ ከጣቴ አልለቀቀም። አታለቅስም፣ እያወራችው ነው የምትሠራው።

ፎቶውን በተመለከተ ዋናውን እንዳትወስጂ!! ኮፒ አስደርጊ፣ ውጪ ነው፣ ሻማም ንፋስም አለ።

የሰንበቴ_ልጅ፦
ልብሽ እሺ አለማለቱን አትናቂው። ለእናትሽ የሚጠቅማት ጸሎቱና ቅዳሴው ነው፣ የ40ውና የሙት ዓመቱ ተዝካር ወጥቶላታል? እኛ ተዝካር ስናወጣ የሚበላው ነዳይ ነው ካህን ነው ጎረቤት ነው፣ ሟች መጥቶ ይቀምሳል አንልም። እነሱ ጋ ነፍሱ የምግቡን ሽታና ጣዕም ትወስዳለች የሚሉ አሉ፣ እሱን መቀበል አይጠበቅብሽም። ግን የእናት ፎቶ አስቀምጦ አጠገቧ ሻማ ማብራት በኔ አስተያየት ክፋት የለውም፣ እኔ ብሆን ፎቶውን አስቀምጣለሁ ምግብ አላስቀምጥም። እሱም ካላሳረፈሽ ለንስሐ አባትሽ ደውዪላቸው።

ፍሩትቬል_ኦክላንድ፦
ስለ ራስ ቅሉ እኔ ልጨምር፣ እዚ ፍሩትቬልም በደንብ ስለሚከበር ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ያቺ ባለ ትልቅ ባርኔጣ አጽም ካትሪና ትባላለች፣ መጀመሪያ የሠራት በ1913 የሞተው ሆሴ ጓዳሉፔ ፖሳዳ የሚባል ሠዓሊ ነው፣ ማንነታቸውን ደብቀው አውሮፓዊ ለመምሰል የሚጣጣሩትን ሰዎች ሊተችበት። በኋላ ዲዬጎ ሪቬራ በ1947 ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ላይ ሙሉ ቀሚስ አልብሶ አወጣት፣ ከዛ የበዓሉ ምልክት ሆና ቀረች። የሚመለክ ነገር አይደለም፣ ሀብታም ሁን ድሃ ከቆዳህ ስር ያው አጥንት ነህ ነው ነገሩ። አንቺ ሰፈር ደሞ በአደባባይ መከበር የጀመረው በ1970ዎቹ ነው፣ ሴልፍ ሄልፕ ግራፊክስ የሚባለው የሥነ ጥበብ ማዕከል ነው ያስጀመረው፣ ካረን ቦካሌሮ የሚባሉ ካቶሊክ መነኩሲት ቺካኖ ከሚባሉት የሜክሲኮ ዝርያ ካላቸው አሜሪካውያን አርቲስቶች ጋር ሆነው ያቋቋሙት። አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ልጆች ከሥር መሠረታቸው እንዳይነቀሉ ብለው ነው ያመጡት እና የኛን ልጆች ሳይ ሁሌ ይሄ ነገር ትዝ ይለኛል።

ልጆቹን ውሰጃቸው። ፊታቸውን መቀባት ካልፈለግሽ ማንም አያስገድድሽም። ፓን ዴ ሙዌርቶ ይበሉ፣ ላዩ ላይ የአጥንት ቅርጽ ያለው ስኳር የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ ነው፣ የብርቱካን አበባ ሽታ አለው። ብቻ የሰው ሟች ፎቶ ፊት ሳታስፈቅዱ ሰልፊ አትነሱ፣ በጣም ነው የሚከፋቸው።

ኢስትኤልኤ_እናት፦
ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። የንስሐ አባቴ ጋር ደወልኩ፣ እናትሽን ማሰብ ምን ኃጢአት አለው የሙት ዓመት ጸሎቷን ብቻ እንዳታስታጉዪ አሉኝ። እና ትላንት ሄጄ መጣሁ። ነጠላዋን አጥፌ አነጠፍኩና ፎቶዋን ላዩ ላይ አቆምኩት፣ ምግብ አላስቀመጥኩም፣ ቡና የምትጠጣበትን ሲኒ ባዶውን አጠገቧ አደረግኩላት፣ ስሟንም በኛ ፊደል ጻፍኩ። ጎረቤቴ እንዴት ነው የሚነበበው ብላ ከትላንት ወዲያ ማታ ቤቴ መጥታ ደጋግማ ስታስነብበኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ለካ ማታ የሟቾቹ ስም አንድ በአንድ ይጠራል፣ የተሰበሰበው ሰው ደሞ በየስሙ ፕሬሴንቴ ይላል፣ አለች እንደማለት ነው። የእናቴን ስም የጠራችው እሷ ናት፣ ከነአባቷ ስም ሳትሳሳት ጠራቻት እና ያ ሁሉ የማያውቃት ሰው ፕሬሴንቴ አለ። ትንሹ ልጄ እጄን ይዞ አያቴን ነው አይደል የጠሩት አለኝ።