በመስኖ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ፦ ይከልከል ወይስ ይተው?

የቦይ ግርጌው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስብሰባው ላይ ሳይቋጭ የተበተነውን ነገር እዚህ ላንሳው። ጎጃም ባለው በቆጋ ግድብ መስኖ ክልል ውስጥ ባሕር ዛፍ ይከልከል ወይስ ባለመሬቱ እንዳሻው ይትከል? ግድቡ ወደ 7,000 ሄክታር ያጠጣል ተብሎ ነው የተሠራው። እኔ መሬቴ የቦዩ መጨረሻ ላይ ነው። ባለፈው ተራዬ ደርሶ ጎህ ሳይቀድ አካፋዬን ይዤ ወጣሁ። የመጣልኝ ቅርፊትና ቅጠል ነው። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልነካም። ይከልከል ባይ ነኝ።

አጠና ነጋዴው፦ ወንድሜ፣ በዛፍ አታመካኝ። ባሕር ዛፍን ቦይ ከፍቶ የሚያጠጣ አይተሃል? ጎረቤትህ አራት ቃዳ መሬቱን ስንዴ ቢዘራበት እሱም ተራ ይጠይቅ ነበር። እንዲያውም ውሃውን ለቀቀልህ!

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሥሩ አጥር አያውቅም። ከዛፉ ዳር ያለውን በቆሎ ሂዳችሁ እዩት፤ መሀል ማሳ ያለው ራስ ሲያልፍ እሱ ጉልበት ላይ ቀርቷል። በምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ የመጣ ዛፍ ነው። ለዳገትና ለተጎዳ መሬት ማንም አይጠላውም። ቦይ የተዘረጋለት ሜዳ ላይ ግን ያሳዝናል።

የውሃ አባት (የውሃ ተራ አዳይ) የነበሩ፦ ልጆቼ፣ አንድ ነገር አትርሱ። ያ ግድብ የተኛበት የሰው እርሻና ግጦሽ ነበር። ሰው ከአባቱ መሬት ተነስቶ ተለዋጭ የወሰደው እዚህ ታች ሁለቴ እንዲመረት ነው። አጠና ለማብቀል ቢሆን ኖሮ ዝናቡ ይበቃን ነበር።

የመበለት ልጅ፦ ጋሼ፣ ክብር ይስጥልኝ፤ እርስዎ የሚሉት ልክ ነው። ግን የእናቴንም ስሙልኝ። በሬ የላትም፣ እኔም ባሕር ዳር ነኝ። እኩል አሳርሳ ሽንኩርት ሞከረች። ሁሉም በአንድ ሳምንት አወጣና ዋጋው ወደቀ። ደላላው ስልክ ማንሳት ተወ። ጓሮ ሙሉ ሽንኩርት ተቆልሎ አረንጓዴ ጭራ ሲያወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልበሰበሰም። አጠና ዋጋ ሲወርድ ቆሞ ይጠብቃል። ለሴት ብቻዋን ይህ ባንኳ ነው።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦ አቮካዶስ? ከቆጋ ወጥቶ ውጭ አገር ድረስ ተልኳል እኮ።

የመበለት ልጅ፦ ተልኳል። እስኪያፈራ ሦስት አራት ዓመት ምን ትብላ? ባሕር ዛፉም ዓመታት ይፈልጋል እንዳትሉኝ፤ እሱ ውሃ አጠጡኝ፣ ጠብቁኝ አይልም።

የቦይ ግርጌው፦ እኔ እናትህ ላይ ነገር የለኝም። የኔ ጠብ ሌላ ነው። ባለፈው የቦይ ጠረጋ ስንት ሰው ወጣ? ከሠላሳ አባል አሥራ አንድ። ዛፍ የተከለ ሰው ውሃ አይፈልግም፤ ውሃ የማይፈልግ ሰው ደግሞ አካፋ አያነሳም። ነጋዴው «ውሃ ለቀቀልህ» ይለኛል። ለቀቀልኝ፤ ቦዩንም አብሮ ለቀቀው። የላይኞቹ ደለሉ ውስጥም ቢሆን ይደርሳቸዋል። እኛ ግርጌ ያለነው እንጠብቃለን። ስለዚህ ሐሳቤን ትንሽ ላሻሽል፦ የቆመው ይቁም፣ አዲስ አይተከል። ዛፍ ያለውም ወይ ለጠረጋ ይውጣ ወይ ሰው ይቅጠር።

የውሃ አባት የነበሩ፦ ይህ ያስማማል። ድሮ በባህላዊው መስኖ ለጠረጋ ያልወጣ ተራው ይዘለል ነበር። ችግሩ፣ ባለ ዛፉን በተራ አትቀጣውም። በምን ትቀጡታላችሁ?

የመበለት ልጅ፦ በእናቴ ፈንታ ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ። «ንቀሉ» ካላችሁ ግን ጉቶውን ማን እንደሚያወጣው ንገሩኝ። ቆርጣችሁት ብትሄዱ ክረምት ሲገባ አምስት ሆኖ ያቆጠቁጣል።

አጠና ነጋዴው፦ ቅርፊቱ ላይ አልከራከርም። አጠናውን ቦዩ ዳር የሚልጡት የኔ ልጆች ናቸው፤ መንገዱ እዚያ ስለሆነ ለመኪና ይቀርባል። ከዚህ በኋላ ማሳው ውስጥ ይላጥ እላቸዋለሁ። ቅዳሜ ሁለት ሰው እልካለሁ።

የቦይ ግርጌው፦ ሦስት አድርገው። የኔ ተራ ሰኞ ነው።