ርግጫን የሚወስነው የአፈሙዝ ስፋት ነውን? በጥንት ጠመንጃዎች ላይ የተደረገ ክርክር

ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፦ በወሎ በዓድዋ በዓል፣ በሠርግና በለቅሶ ላይ በጥቁር ባሩድ የሚሠሩ የጥንት ጠመንጃዎች ይተኮሱ ከተባለ፣ የሚተኮሰውን ከማይተኮሰው በአፈሙዝ ስፋት መለየት ተገቢ ነውን?

ከደሴ፣ ሐሳቡን ያቀረቡት

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የፈቃድን ጉዳይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ስለሚገዛው ወደዚያ አልገባም። የእኔ ሐሳብ ፈቃድ ያለው ሰው በአደባባይ ሲተኩስ በራሱ ትከሻ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ነው። የእንግሊዞቹ ጠመንጃ የሰናድር አፈሙዝ 14.7 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው የፈረንሳዮቹ የውጅግራ 11 ሚሊሜትር ነው። በየበዓሉ እነዚህን ጠመንጃዎች የሚይዙት አብዛኛውን ጊዜ ለጋ ወጣቶች ወይም ዕድሜያቸው የገፋ አባቶች ስለሆኑ፣ ከ11 ሚሊሜትር በላይ የሆነው ሁሉ ለእይታ ብቻ እንዲወጣ፣ ውጅግራና ከእርሱ በታች ያለው ግን እንዲተኮስ እንስማማ እላለሁ። ወፍራም ጥይት አብዝቶ እንደሚራገጥ፣ ማለትም ሲተኮስ ጠመንጃውን ወደ ኋላ ገፍቶ ትከሻን እንደሚመታ፣ ከአባቶቻችን ስንሰማ ኖረናል። በሚሊሜትር የተለካ ነገር ደግሞ ሰውን ከሰው አያጨቃጭቅም።

ከተንታ

ጋሼ፣ ለሰው ትከሻ ማሰብዎን አከብራለሁ፤ መለኪያውን ግን ልቀበለው አልችልም። አረሩ፣ ማለትም ከጥይቱ ተወንጭፎ የሚሄደው ክፍል፣ ወደ ፊት ሲወጣ ጠመንጃው በዚያው ልክ ወደ ኋላ ይገፋል። ስለዚህ ርግጫን የሚወልዱት የአረሩ ክብደትና ፍጥነት፣ አብሮት የሚተፋው ባሩድ፣ ከዚያም ይህን ሁሉ የሚቀበለው የጠመንጃው ክብደት ናቸው። የአፈሙዙ ስፋት በዚህ ስሌት ውስጥ ራሱን ችሎ የሚገባበት ቦታ የለም። ባሩዱንም እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አይቻልም፤ ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ ሳይሆን ጢስና ጥላሸት ሆኖ የሚወጣ ጠጣር ነው፤ በውጅግራ ጥይት ደግሞ ባሩዱ የአረሩን አንድ አምስተኛ ያህል ይመዝናል።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው። ሰናድር፣ ያ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር በእሮጌ ሜዳ እንግሊዞች የተኮሱት ጠመንጃ፣ 31 ግራም የሚመዝን አረር በ4.5 ግራም ባሩድ በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የተቀበሉት ውጅግራ ደግሞ 25 ግራም አረር በ5.25 ግራም ባሩድ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ይልካል። አረሩ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ይፈጥናል፤ ባሩዱም ይበዛል። የጠመንጃዎቹ ክብደት ተቀራራቢ ነው፤ ሰናድር 4 ኪሎ ያህል፣ ውጅግራ 4.2 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። የባሩዱን ፍጥነት ከአረሩ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጌ ሳሰላው የሁለቱም የርግጫ ጉልበት 26 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ላይ ይገናኛል። አንዱን ፈቅዶ ሌላውን የሚከለክል ልዩነት እዚህ ውስጥ አላገኘሁም።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ማርቲኒ የተባለው ጠመንጃ ነው። እንግሊዞች ማርቲኒን እ.ኤ.አ. በ1871 ሲቀበሉ የአረሩን ክብደት እንደ ሰናድር በ31 ግራም አቆዩት፤ አፈሙዙን ወደ 11.4 ሚሊሜትር አጠበቡት፤ ባሩዱን ግን ወደ 5.5 ግራም ከፍ አደረጉት። ርግጫው በእኔ ስሌት ከ30 ጁል ይበልጣል፤ በእርሱ የተዋጉ ወታደሮችም ትከሻቸው እየበለዘ ተቸግረውበታል። አፈሙዙ ጠበበ፣ ርግጫው ጨመረ። በሌላ በኩል ጣሊያኖች በዓድዋ ይዘውት የመጡት ቬተርሊ 20 ግራም አረር በ4 ግራም ባሩድ ብቻ ስለሚተኩስ፣ ክብደቱ ከውጅግራ እምብዛም ሳያንስ ርግጫው 16 ጁል ገደማ ነው። የቬተርሊ አፈሙዝ 10.4 ሚሊሜትር ነው፤ ከውጅግራ የሚያንሰው በ0.6 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ ርግጫው በአራት እጅ ተከፍሎ ከሦስቱ እጅ እንኳ ያንሳል።

ከወረኢሉ

የወንድሜን ስሌት አልክድም፤ ሆኖም ትከሻ የሚቆጥረው ጁልን ብቻ አይደለም። በሁለት ጠመንጃዎች የርግጫው ጉልበት እኩል ሆኖ ሳለ፣ የአንዱ ሰደፍ ጠባብና ጫፉ የጎበጠ ብረት ያለው ከሆነ ያ ጉልበት በትንሽ ቦታ ላይ ያርፋል፤ የሌላው ሰፊና ቀጥ ያለ ከሆነ ይበተናል። ሰደፉ ለተኳሹ ክንድ ካጠረ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ይመታዋል። ደጋግሞ የተኮሰ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት በአፈሙዙ ውስጥ እየተጋገረ ሲሄድ አረሩ መንገዱ ስለሚጠብበት፣ ካልተወለወለ ጠመንጃ የሚመጣው ርግጫ ከመጀመሪያው ተኩስ ይልቅ ይከብዳል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አጭሩ ውጅግራ ነው። ረጅሙን ተኩሶ የለመደ ሰው አጭሩን ሲያነሳ ያው ጥይት ነው ብሎ ይዘናጋል። የጋሼ መለኪያ ይህን ሁሉ አያየውም፤ የወንድሜም ስሌት ገና አላየውም።

ከተንታ

አጭሩን ማንሳትዎ ትክክል ነው፤ እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር። አጭሩ ውጅግራ 3.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የሚጎርሰው ግን የረጅሙን ጥይት ነው። አፈሙዙ በማጠሩ የአረሩ ፍጥነት ወደ 420 ሜትር ይወርዳል ብለን ብንይዝ እንኳ ርግጫው ወደ 29 ጁል ይወጣል። እንግሊዞች ይህ ችግር በማርቲኒ አጭር ጠመንጃ ላይ ሲገጥማቸው አፈሙዙን አልነኩትም፤ አረሩን ወደ 26.6 ግራም፣ ባሩዱን ወደ 4.5 ግራም ቀነሱ እንጂ። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ1873 በተቀበሉት ጠመንጃ ለእግረኛው 4.5 ግራም፣ ለፈረሰኛው አጭር ጠመንጃ ግን 3.6 ግራም ገደማ ባሩድ ነበር የሚሰጡት። በሚሊሜትሩ ከሄድን ረጅሙን ሰናድር ከልክለን ከእርሱ አብልጦ የሚራገጠውን አጭሩን ውጅግራ ለለጋ ልጅ እናስይዛለን። የምቃወመው ለዚህ ነው።

ከኮምቦልቻ

ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም የምታሰሉት አረር ያለበትን ጥይት ነው። በሰው መካከል አረር ያለበት ጥይት ጨርሶ መተኮስ የለበትም፤ ወደ ሰማይ የወጣ አረር ተመልሶ የሚያርፈው የሰው ልጅ በቆመበት ምድር ላይ ነው። ለበዓል ድምፅና ጢስ ይበቃል። አረሩ ከወጣ ደግሞ በራሳችሁ ስሌት ከውጅግራው ግፊት የሚቀረው ሩብ እንኳ አይሞላም፤ የርግጫ ጉልበት በግፊቱ ካሬ ስለሚሄድም የሚቀረው ከአሥራ አምስት እጅ አንዱን አያክልም። ያን ጊዜ ሰናድርም ውጅግራም ለአረጋዊ ትከሻ የሚከብዱ አይደሉም።

እኔን የሚያስፈራኝ ወደ ኋላ የሚመጣው እሳት ነው። የሰናድር መዝጊያ፣ ጥይት የሚገባበትን የኋላ በር የሚዘጋው ብረት፣ ወደ ጎን የሚከፈት ነው፤ የቀደሙት ሥሪቶች መዝጊያቸውን አጥብቆ የሚይዝ መቆለፊያ አልነበራቸውም፤ መቆለፊያው የተጨመረው በኋለኛው ሥሪት ነው። መዝጊያው የላላ ሰናድር ከተኳሹ ፊት ላይ ሊከፈት ይችላል። ሁለተኛው አደጋ ጥቁር ባሩድ ያጣ ሰው በአሮጌ ቀለህ ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ መሙላቱ ነው፤ የጭስ አልባው ግፊት እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ ለጥቁር ባሩድ የተሠራውን ብረት ሊያፈነዳው ይችላል። እነዚህን ትተን በትከሻ መበለዝ ላይ ብቻ መከራከራችን አያሳስባችሁምን?

ከደሴ

እህቴ፣ ስለ አረሩ ያልሽው በሐሳቤ ላይ ይጨመር፤ በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን በሠርግ ግርግር መካከል የማን ጠመንጃ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ባሩዱስ ስንት ግራም እንደተለካ ማን ቆሞ ይመረምራል? ሚሊሜትሩን የመረጥሁት ማንም ሽማግሌ በዓይኑ አይቶ ሊፈርድበት ስለሚችል ነው። ፍጹም መለኪያ ነው አላልሁም።

ከተንታ

ጋሼ፣ ምርመራው ለምን በግርግሩ መካከል ይደረጋል? ባለ ጠመንጃዎች ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን ሽማግሌዎች ዘንድ ይቅረቡ፤ በየገበያው ባለው የእህል ሚዛን 4 ኪሎ የማይሞላው ጠመንጃ ለጎልማሳና ለለመደ ሰው ብቻ ይሰጥ፤ መዝጊያውን የጠመንጃ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይፈትሸው፤ ቀለሁንም አረር በሌለበት ጥቁር ባሩድ አንድ ሰው ለሁሉም ይሙላ። ይህ ከተደረገ ሰናድርን ከበዓላችን የምናወጣበት ምክንያት አይታየኝም።

ከወረኢሉ

እኔም በዚሁ እስማማለሁ፤ ከእያንዳንዱ ጥቂት ተኩስ በኋላ አፈሙዙ እንዲወለወል የሚለው ይጨመርበት።